እድራችን ቤታ የገዛ ጊዜ

ጡረታ ወጣሁ አልልም፤ እጄ ነው ጡረታ ያወጣኝ። አምና መበየጃውን አንስቼ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ ላይ ላሳርፈው ስል ጫፉ ወዲያ ወዲህ ይላል። «ተው እንጂ!» ብዬ እጄን ተቆጣሁት። እጅም ሲያረጅ እንደ ሰው ነው መሰለኝ፣ ምክር አይሰማም። የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄን ለእህቴ ልጅ ለናትናኤል አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። እሱም ሳይውል ሳያድር ቴፑንም የቪዲዮ ዴኩንም ጓዳ ከቶ የሞባይል ሽፋን ደረደረበት። ይሁን፤ ዘመኑ የእሱ ነው።

ይሄን ሁሉ ያስታወሰኝም እሱ ነው። ጓዳውን ሲያጸዳ ሁለት የዲስክ ማጫወቻ አግኝቶ፣ «አክስቴ፣ ይሄኛው የዚያኛውን ዲስክ ለምን አያነብም?» አለኝ። አንዱ ብሉ ሬይ የሚሉት ነው፤ ሌላው የእሱ ተቀናቃኝ። ሁለቱም ምስሉን ጥርት፣ ፍንትው አድርገው ያሳያሉ፤ ዲስኮቻቸው ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ግን አንዱ የሌላውን አይቀበልም። ሠሪዎቹ አልስማማ ብለው የየራሳቸውን አወጡ፣ አንደኛው አሸነፈ፣ የተሸነፈውን የገዛ ሰው ባዶ ሳጥን ታቅፎ ቀረ። ይሄን ስነግረው ናትናኤል አፉን ይዞ፣ «እንዲህም አለ እንዴ?» አለ። እኔ ሳቄ መጣ። አይ ልጄ! ይሄ ጠብ አዲስ መሰለህ? እኛ እኮ በዚሁ ጠብ እድር ልናፈርስ ነበር።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ አዳማ ናዝሬት ስትባል።

እኔ ጽጌ የወንጂ ልጅ ነኝ። አባቴ ከከምባታ መጥቶ አገዳ ሲቆርጥ ያረጀ ሰው ነው። ሙያ ትምህርት ቤት ስለ ሬዲዮ ጥቂት ተምሬ እንደወጣሁ በሠራተኞች ክበብ የድምፅ ማጉያ ላይ መደቡኝ። የመጀመሪያው አለቃዬ ሥራ ያውቃል፤ ግን ሴት ልጅ ካቻቢቴ ይዛ ሲያይ ያስነጥሰው ነበር። እውነቴን ነው፣ ያስነጥሰው ነበር። ቀጥሎ መተሐራ ላኩኝ። የመተሐራ ሙቀት መበየጃ አያስፈልገውም፣ ቆርቆሮው ራሱ ይበይዳል። እዚያ ያለው አለቃዬ ደግሞ ደግ፣ ግን ከምሳ በኋላ የማይገኝ ሰው ነበር። አንድ የበዓል ቀን ንግግር ሊያደርጉ የመጡ ጓድ ማይክሮፎኑን በጥፊ እየመቱ «ይሄን ያበላሸው ማነው?» ሲሉ፣ «እርስዎ ነዎት ጌታዬ፣ ዱላው ይብቃው» አልኳቸው። ሥራዬ በዚሁ አበቃ። ደመወዙም ቢሆን የሚያስለቅስ አልነበረም። እናቴ ግን «አንቺ ልጅ፣ ስንቱን ብሎን ስታጠብቂ ለአፍሽ አንድ አጣሽለት?» እያለች ስታለቅስ ከረመች።

እንዲህ ሆኜ ነው ናዝሬት፣ ጋሽ ወርቅነህ ጋ የገባሁት።

ጋሽ ወርቅነህ ከባቡር ጣቢያው በሚወርደው መንገድ ላይ ጠባብ የሬዲዮ መጠገኛ ነበራቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ዘመዶቻቸው ሩቅ አገር ናቸው። ሥራ ልጠይቅ ስገባ አንድ ሬዲዮ ፊቴ አስቀመጡና «ስሚው» አሉኝ።

«ምኑን ልስማው? አይሠራም እኮ።»

«የማይሠራ ነገር አይናገርም ያለሽ ማነው?»

ጆሯቸውን ለጠፉበት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቁልፉን ከፈት ዘጋ አደረጉ። እኔም ጆሮዬን ለጠፍኩ። አዎ፣ ውስጡ የሆነ ነገር ትንሽ እንደ ጉንዳን ይንኮሻኮሻል። «እሱ ነው የደከመው» አሉ። እሳቸው «ተበላሸ» የሚባል ቃል አያውቁም። ሬዲዮ ይደክመዋል፣ ቴፕ ይደክመዋል፣ ደምበኛውም ሲሰማ ልቡ ያርፋል። አንድ ጊዜ እኔ ለአንዲት ሴት «ይሄማ ሞቷል» ብላት፣ ሴትየዋ ከወጣች በኋላ «አንቺ ጽጌ፣ ሰው ቤቱ ወስዶ የሚያለቅስበትን ቃል አትስጪው» አሉኝ። ያን ቀን ኩርፊያዬ ለጉድ ነበር። ግን ትክክል ነበሩ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን እንደሚበላ ሰው በሳሙና ይታጠባሉ። የሚፈቱትን ብሎን በለስላሳ ቆርኪ ውስጥ በወጣበት ተራ ይደረድራሉ፤ ያንን ቆርኪ በክርኑ የነካ ሰው ወዮለት። ቪዲዮ ከመጣ በኋላ ደግሞ የካሴቱን ክር የሚያነበውን፣ ሄድ የሚሉትን ክፍል፣ በጥጥ ሲጠርጉ አይቼ አላውቅም። ጥጥ ጭረት ይተዋል ብለው ከጫማ ሠሪ የለመኑትን ስስ የፍየል ሌጦ በአልኮል አርሰው፣ ወደ ጎን ብቻ፣ ወደ ላይና ወደ ታች በጭራሽ፣ እንደ ሕፃን ፊት ያብሱታል። እስከ አምና ድረስ እኔም እንደዚያው ነበር የማብሰው።

ቪዲዮ ናዝሬት የገባው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ሲያፏጭ ጣቢያው ይደምቅ ነበር፤ ጨርቁ፣ ሽቶው፣ ቴፑ፣ ሁሉም ከብርድ ልብስ ውስጥ ይወጣል። እንዴት እንዳለፈ አይጠየቅም። ከእኛ ሱቅ ማዶ የወሎ ልጅ ከማል የሚባል ነጋዴ ነበር፤ እኩያዬ፣ ሳቂታ፣ ምላሱ ከእኔም የባሰ። እሱ ቪኤችኤስ የሚባለውን ዴክ ያስመጣል። ጋሽ ወርቅነህ ደግሞ ቤታማክስን ከፍተው ውስጡን ካዩ ወዲያ በእሱ ማሉ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሁለቱም ቪዲዮ ነው፣ ሁለቱም ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል። የቤታ ካሴት አነስ ይላል፣ ምስሉም ይጠራል። የቪኤችኤስ ካሴት ገዘፍ ይላል፣ ረጅም ሰዓት ይቀዳል። የአንዱ ካሴት በሌላው አፍ አይገባም። ከዚህ በኋላ ጠብ ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቤታ ሙሽራው ሳይገባ ያልቃል!» ይላል ከማል ከማዶ።

«ያንተ ደግሞ እስኪነጋ ያሳያል፤ ግን ሙሽራዋን ከአማቷ አይለይም!» ይላሉ ጋሽ ወርቅነህ።

መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት ይሄ ነበር የሚቀድመው። ያንን ጊዜ ሳስብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ያ መንገድ፣ ያ ፉጨት፣ ያ ልፊያ።

ታዲያ የሰፈራችን እድር ጥሪት ሲጠራቀምለት፣ ቪዲዮ ገዝቶ ለአባላቱ ሰርግና ክርስትና ያውስ፣ ዓመት በዓልም ሲመጣ ተራ በተራ ይታይበት የሚል ሐሳብ ተነሣ። እሁድ ጠዋት ቀበሌው ግቢ ተሰበሰብን። አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን መሬት መትተው «እድር የተቋቋመው ሰው ሊቀብር ነው ወይስ ሲኒማ ሊከፍት?» አሉ። ሴቶቹ «የሞተውን ስንቀብር ኖርን፣ ያለውን ደግሞ እናስደስት!» ብለው ጮሁ። ሴቶቹ አሸነፉ። ቀጥሎ ግን ቤታ ወይስ ቪኤችኤስ ሲባል ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የከማል ደምበኛ ነው። ጥላ ሥር የተቀመጠው በፀሐይ ያለውን ይሰድባል፤ ሁለት ወንድማማቾች ተኮራረፉ፤ የእድሩ ዳኛ «በዚህ ነገር የሚፈርስ እድር ካለ ይሄ የመጀመሪያው ይሆናል» ብለው ቆባቸውን ከራሳቸው አወለቁ።

ያኔ ጋሽ ወርቅነህ ተነሡ።

«ጎረቤቶቼ፣ እኔ ዕቃ አውቃለሁ። ቤታን ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ የታመነ ሥራ ነው። ቤታ ከከዳችሁ ስሜን ከእድሩ ፋቁት!»

ከእድር መፋቅ እኮ ቀልድ አይደለም። ሲሞቱ ጡሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ሬሳ የሚሸከም ትከሻ አይኖርም። ያውም ልጅ ለሌላቸው፣ ወገን ለሌላቸው ሰው! «ጋሽዬ፣ ምን ነካዎት?» ብዬ ኮታቸውን ጎተትኩ። አልሰሙኝም። ዳኛው «ወርቅነህ በቀብሩ ከማለ፣ ከዚህ በላይ ምን ዋስ አለ?» አሉና ቤታ ተገዛ።

መጀመሪያ ላይማ ምን ልበላችሁ፣ ደስታ ነበር። የህንድ ፊልም ሲታይ ከጎረቤት የማያለቅስ አልነበረም። ቋንቋውን አንድም ሰው አይሰማም፣ ግን ሁሉም ይተረጉማል። የእድሩን ዕቃ የሚይዙት እትዬ ሎሚ ናቸው፤ ትውልዳቸው ሁሩታ፣ ልባቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ጡሩምባ የማያስፈልገው ሴት። ዴኩን በነጠላ ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ነበር ከቤት ቤት የሚያደርሱት። መንገድ ላይ ሲያገኙን «አካም ጅርቱ! ጋሼ፣ ልጅዎ ደህና ነው፣ ትናንት ሳይደክመው ሁለት ፊልም አሳየን!» ይላሉ። ጋሽ ወርቅነህ እንዳልሰማ ሆነው ይሄዳሉ፤ ፊታቸው ግን ይበራ ነበር።

እያደር ነገሩ ተለወጠ። ከባቡሩ የሚወርደው ካሴት ሁሉ ገዘፍ ያለው ሆነ። አሰላም፣ ዝዋይም፣ መተሐራም ብትሄዱ ቪዲዮ የሚያከራዩት ቪኤችኤስ ብቻ። የእድሩ ሰው ያንኑ ፊልም መልሶ መላልሶ ከማየቱ የተነሣ ተዋናዩ ሊናገር ሲል ልጆቹ ይቀድሙት ጀመር። ጋሽ ወርቅነህ «ያልፋል» ይሉ ነበር። አላለፈም።

በዚህ መሀል የእትዬ ሎሚ ልጅ ጫልቱ ተዳረች። የሙሽራው ወገኖች ከአዲስ አበባ ካሜራ ያለው ሰው አምጥተው ሰርጉን አስቀረጹ፤ በቪኤችኤስ። ለመልሱ ዘመድ አዝማድ ሲሰበሰብ እትዬ ሎሚ ካሴቱን በእድሩ ዴክ ሊያሳዩ አሰቡ። በአፉ አልገባ ሲላቸው ወደ እኛ ሮጡ።

«ጋሼ ወርቅነህ፣ አባቴ ከሁሩታ መጥቶ ራሱን ሊያይ ነው። የመረቀበት እዚህ ውስጥ ነው። እባክዎ!»

ከማል ድሬዳዋ ሄዷል። «ሌላ ቪኤችኤስ ካለው ሰው እንዋስ» አልኳቸው። ጋሽ ወርቅነህ ግን የሁለቱን ካሴት ክር ጎን ለጎን ዘርግተው ለኩት። ስፋቱ እኩል ነው፤ አንዱ የአንዱ ወንድም። «አየሽ? ክሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ቤቱ ብቻ ነው» አሉ። እውነት መሰለን። ያኔ በአገሩ ይሄን የሚነግር መጽሐፍም ሰውም አልነበረንም።

እጃቸውን ታጠቡ፣ ቆርኪዎቹን ደረደሩ፣ ሁለቱንም ካሴት ፈቱ። የሰርጉን ክር ከትልቁ ቤት አውጥተን በትንሿ ቤታ ውስጥ በጥንቃቄ ጠቀለልነው። ጠባብ ሆነ፤ የትልቅ ሰው እግር የልጅ ጫማ ውስጥ እንደ መክተት ነው። ዴኩ ውስጥ ከተትነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የመጣው ሽሽሽ የሚል ጭረት ብቻ ነው። ክሩ አንድ ይሁን እንጂ የተጻፈበት አጻጻፍ ሌላ ኖሯል። «በቃ፣ ያውጡትና ወደ ቤቱ እንመልሰው» አልኩ። ልናወጣው ስንል ግን ከመጥበቡ የተነሣ ጥቅሉ ተያዘ፣ ክሩ ከሚሽከረከረው ሄድ ላይ ተጠመጠመ፣ ከዚያም ዴኩ ማኘክ ጀመረ። እኔ መሰኪያውን ስነቅል አልቆ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ የተኮማተረውን ክር በሁለት እጃቸው ይዘው «በላሁት» አሉ። «ደክሞታል» አላሉም። ያን ቃል ሲተዉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀረውን ወደ ራሱ ቤት መልሰን ከማል ሲመጣ በእሱ ዴክ አየነው። ጭፈራው አለ፣ ኬኩ አለ። ኦቦ ቱፋ፣ የእትዬ ሎሚ አባት፣ ከወንበራቸው ይነሣሉ፣ በትራቸውን ይጨብጣሉ፣ ሊመርቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ዶሮ ወጥ ይመጣል። ሰው ሁሉ ምግብ ላይ ነው። ምርቃቱ የለም። እትዬ ሎሚ «ያ ዋቅ!» ብለው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ወዲያው ገለጥ አድርገው ጋሽ ወርቅነህን አዩና «ምንም አይደል፣ ዶሮውም ጥሩ ነበር» አሉ። ይቺን ሴት ያኔ ነው የወደድኳት።

ጋሽ ወርቅነህ ግን እህል አልወርድ አላቸው። ሁሩታ ሄደው ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኙት አዝመራው ከገባ በኋላ ነው። ከእትዬ ሎሚ ጋር ሦስት ሆነን ስንዴ በጫነ መኪና ጋቢና ተጠጋግተን ሄድን። ኦቦ ቱፋ አውድማው ዳር ተቀምጠዋል። ጋሽ ወርቅነህ ጉልበታቸውን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጓቸው። በኦሮምኛ ተናገሩ፣ ልጃቸው አስተረጎሙ።

«'የመረቅኩት ልጄን ነው ወይስ ሳጥኑን?' ይላል አባቴ። 'ጫልቱ አላረገዘችም ወይ?' ይላል።»

«አርግዛለች» አልኩ።

«'ታዲያ ምርቃቴ የት ጠፋ?' ይላል።»

እኔ ሳቅሁ፣ ጋሽ ወርቅነህ አለቀሱ። ኦቦ ቱፋ ይሄን ጊዜ ተነሥተው፣ በትራቸውን ጨብጠው፣ ካሴቱ የበላውን የሚያክል ምርቃት አዥጎደጎዱላቸው። እትዬ ሎሚ ሁሉንም አልተረጎሙም። የመጨረሻውን ግን አስታውሳለሁ። «'ቃልህ አይውደቅ፣ ቀባሪ አያሳጣህ' ይላል አባቴ።» አሜን አልን።

በማግሥቱ ጋሽ ወርቅነህ መንገዱን ተሻግረው ከማል ሱቅ ገቡ። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ አሁን ይሄ ምላሰኛ ምን ሊላቸው ነው እያልኩ እጠብቃለሁ። «ከማል፣ እሁድ እሁድ ዴክህን አውሰኝ። ፊልሞችህንም» አሉት። ከማል አልሳቀም። «ጋሼ፣ እርስዎ አይሸከሙም፣ እኔው አመጣልዎታለሁ» አለ። ወላሂ እንዲህ ያለ ጨዋነት ከከማል አልጠበቅኩም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራው እንዲህ ሆነ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የከማል ቪኤችኤስ በቀኝ፣ የእድሩ ቤታ በግራ ይቀመጣል፤ በሽቦ ይገናኛሉ፤ ያኛው ሲያጫውት ይሄኛው ይቀዳል። ጋሽ ወርቅነህ ክሩን መጀመሪያ ያስተካክሉታል፣ የድምፁን መጠን በጆሯቸው ይለካሉ፣ ከዚያ ፊልሙ እስኪያልቅ ከፊቱ አይነሡም። መብራት ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የህንዱን ፊልም ተቀምጠው ሲቀዱ ስንቴ እንዳለቀሱ እኔ ነኝ የማውቀው። «እድሩ ፊልም አያጣም፣ እኔ እያለሁ ቤታ አይከዳቸውም» ይላሉ።

ሲጨርሱ ክሩን እስከ መነሻው ድረስ አይመልሱትም። ጫፏ ሁልጊዜ ተወጥራ ከቆየች ትደክማለች ብለው፣ አንዲት የጥፍር ውፍረት ያህል ወደፊት አሳልፈው ይተዉታል። የእድሩ ደንብ ደግሞ ሌላ ነው፦ ፊልም ያየ ሰው ክሩን እስከ መነሻው መልሶ ነው የሚያስረክበው፤ ካልመለሰ ይቀጣል። እትዬ ሎሚ የተመለሱትን ካሴቶች ሰኞ ሰኞ ወደ እኛ ያመጣሉ፣ ጋሽ ወርቅነህ ሌጦዋን ይዘው ያጸዷቸዋል። ከማጽዳታቸው በፊት እያንዳንዷን ይዘው በር ላይ ይቆሙና በካሴቷ መስኮት ወደ ብርሃን ይመለከታሉ። «እሺ» ይላሉ። ያስቀምጣሉ። ሌላዋን ያነሣሉ። «እሺ።» እኔ ክሩ መቆሸሹን የሚያዩ ይመስለኝ ነበር።

ዓመት ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እሁድ በእድሩ ስብሰባ አዲስ የገባ ነጋዴ ተነሥቶ፣ «ይሄ ቤታ ጊዜው አልፏል፤ ሸጠን ቪኤችኤስ እንግዛ። ቤታን ያስመረጠው ሰውዬ በእድሩ ስሙ ተወራርዶ ነበር አሉ፤ ቃል ቃል ነው» አለ። ግማሽ ቀልዱን ነው። ግን ደንብ የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ አንድ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ወርቅነህ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። አንገታቸውን ደፍተው «ልክ ነው፣ ብዬአለሁ» አሉ።

እኔ አፌን ልከፍት ስል እትዬ ሎሚ ቀደሙኝ።

«ማንን ነው የከዳው? እስቲ ይሄ ቤታ የከዳው ሰው እጁን ያውጣ! እኔ ትናንት ማታ አዲስ ፊልም አይቼበት አልቅሼ ነው ያደርኩት!»

«እኔም አይቼበታለሁ» አለ አንዱ።

«እኛ ቤትማ በየሳምንቱ ነው» አለች ሌላዋ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጉባኤው በሙሉ መሰከረ። ሁለቱ ኩርፈኛ ወንድማማቾች እንኳ በአንድ አፍ መሰከሩ። ነጋዴው «እንዲህ ከሆነማ ምን አገባኝ» ብሎ ተቀመጠ። ዳኛው «የወርቅነህ ስም ባለበት ይቆይ» አሉ። እኔ ኩራቴን አልቻልኩም፤ ስንመለስ «አዩ ጋሽዬ? ድካምዎ ከንቱ አልቀረም!» አልኳቸው። እሳቸው መንገድ መንገዱን እያዩ «ጥሩ ሰዎች ናቸው» ብቻ አሉኝ። ዓይኖቻቸው እንባ አዝለው ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ከወትሮው ቀደም ብለው ሊቀዱ ተቀመጡ።

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ጋሽ ወርቅነህ ታመሙ። ሥራ አላቋረጡም ነበር፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ልከፍት ስደርስ ጡሩምባ ሰማሁ። ጡሩምባው የሚነፋው ለእሳቸው ነው። ያ ሁሉ ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከወንጂም፣ ከሁሩታም መጣ። ሬሳቸው ከትከሻ ትከሻ ሲያልፍ መሬት ሊነካ ቀርቶ ዝቅ አላለም። ከማል ከፊት ሆኖ ተሸክሞ፣ ሌላ ሰው ልቀበልህ ሲለው «ሂድ ወዲያ!» እያለ ይቆጣ ነበር። አሜን ያልነው ምርቃት ደረሰላቸው።

በሁለተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ከእትዬ ሎሚ ጎን ተቀምጬ፣ «ስንት እሁድ ከዚያ ዴክ ፊት ተቀምጠው አለፉ! ብቻ እንኳን እናንተ አያችሁላቸው» አልኩ። እትዬ ሎሚ ግራ ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጽጌ ልጄ፣ አሁንማ ልንገርሽ። እኛ እሳቸው የቀዱትን የት አይተነው እናውቃለን? ማለቴ፣ ሁሉንም ገና እሳቸው ሳይቀዱት ከማል ጋ ሄደን፣ በቪኤችኤስ ነው የምናየው። እንዳይከፋቸው ብለን የእሳቸውን እንወስድና ቡፌ ላይ አስቀምጠን እንመልሳለን።»

የእሳቸው ሹክሹክታ እንኳ ሩቅ ይሰማል፤ ከማዶ የተቀመጠው ከማል ሰምቶ አንገቱን ደፋ። እኔ ክው አልኩ። ቀስ ብዬ «እትዬ፣ ስትመልሱ ክሩን ወደ መነሻው ታጠነጥኑት ነበር?» አልኳቸው።

«ምኑን እናጠነጥናለን? ሳንነካው!»

ተነሥቼ ወጣሁ። ሱቁ ቅርብ ነው። ባለፈው ሰኞ የመጡት ካሴቶች ጠረጴዛው ላይ፣ ሌጦዋ ጎናቸው ተቀምጣ ነበር። አንዷን አንስቼ እንደ እሳቸው በር ላይ ቆምኩና በመስኮቷ ወደ ብርሃን አየሁ። አንዲት ጥፍር፣ እሳቸው እንዳሳለፏት። ሌላዋን አነሣሁ። አንዲት ጥፍር። ያንን ሁሉ ሰኞ በር ላይ ቆመው የሚያዩት ይሄን ኖሯል። አይተው «እሺ» ይላሉ፣ እሁድ ሲመጣ ሌላ ፊልም ይቀዳሉ። በጉባኤው ያ ሁሉ ሰው «አይቼበታለሁ» ብሎ ሲመሰክርላቸውም ያውቁ ነበር። እዚያው በሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ እትዬ ሎሚ ዓይኔ መቅላቱን አይተው እጄን ያዙኝ።

«አይዞሽ። እንኳን ሳያውቁብን ሞቱ» አሉኝ።

በዚህ አፌ ከሥራ ተባርሬአለሁ፣ ከስንቱ ተጣልቼአለሁ።

«እንኳን» አልኳቸው።